ቀዮ በበረዶ ቀን

ያን ዕለት ጣርማ በር ላይ በረዶ ሲጥል አድሯል፤ ማንም ጉድ አላለም። የሰማይ ጥላ ከተዘረጋ ወዲህ ክረምት ማለት ይኸው ነው። ጥላ የሚሉት የፀሐይን ግለት እንዲቀንስ ከደመና በላይ፣ ከአየርም በላይ የተወጠረውን ስስ መጋረጃ ነው። ቆላው እፎይ ብሎበታል፤ ደጋው ግን ሐምሌ በገባ ቁጥር ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ይከርማል። በጣርማ በር ገደል አፋፍ ላይ የተሠራችው አዲስ ከተማ ነዋሪም በረዶውን ከደጁ በአካፋ እየዛቀ፣ "እንዴት አደራችሁ፣ ዛሬስ ብሷል!" እየተባባለ ወደ ሥራው ይሄዳል።

አዲስ ነገር የነበረው ይበልጣል ቤት ነው። ይበልጣል ዛሬ ሽማግሌ ይልካል።

ልጅቷ ትርሲት ትባላለች፤ ቤተሰቦቿ ከገደሉ ሥር፣ ደብረ ሲና ይኖራሉ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ማልደው በገመድ ሰረገላ ወርደዋል። የገመድ ሰረገላ ምንም ጌጥ የለውም፤ በሽቦ ተንጠልጥሎ፣ ሽንኩርት ነጋዴውንም ዳኛውንም ጎን ለጎን አጭቆ፣ በረዶ ጣለ አልጣለ ሳይል ቁልቁል የሚያወርድ ሣጥን ነው። ሦስተኛው ሽማግሌ፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም ጋሽ ወንድይፍራው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ጋራዡ በር ላይ ቆመዋል። እሳቸውን የሚያደርሳቸው ይበልጣል ራሱ ነው። በምን? በቀዮ!

ቀዮ የስፖርት መኪናው ናት። መኪና ሁሉ ራሱን በሚነዳበት በዚያ ዘመን፣ በእጅ የሚነዳ መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ቀዮ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ጎማዋ ሰፊና ልሙጥ፣ ለበጋ የተሠራ ነው። ስትነሳ የምታሰማው ጩኸት የተኛ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ይበልጣልም የፈለገው ይህንኑ ጩኸት ነው፤ የትርሲት አባት አቶ ገብረየስ ደጃቸው ላይ እንዲሰሙለት። ሽማግሌ የላከ ሰው ከዚያ ቤት ድርሽ እንደማይል ጠፍቶት አይደለም። አጎቱን በር ላይ አውርዶ፣ ሞተሯን አንዴ አስጓርቶ፣ ከማዕዘኑ ኋላ ሊደበቅ ነው ሐሳቡ። ወይ ጉራ!

ትርሲት ገና በጠዋቱ ደውላለታለች። "አደራህን፣ አጎትህን በገመዱ አውርዳቸው። መንገዱ መስተዋት ሆኗል እያሉ ነው።"

"እሺ፣ እሺ" ብሏት ዘጋ።

እውነቱን ለመናገር፣ እሱም ወደ ጋራዡ ሲሄድ ሁለት ጊዜ አዳልጦታል። ከትርሲት ሌላ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ "ተው" ቢለው ይተው ነበር። ራሱ "ይቅር" ብሎ አጎቱን ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ማሳፈሩ ግን ሞት ሆነበት። ስለዚህ የቀዮን መካሪ ጠየቀ።

መካሪ በእጅ በሚነዳ መኪና ውስጥ ሁሉ በሕግ የሚገጠም አስተዋይ ድምፅ ነው። መሪ አይቀማም፣ ፍሬን አይዝም፤ መንገዱን፣ አየሩንና ጎማውን አይቶ እውነቱን መናገር ብቻ ነው ሥራው። ኮሌታ ላይ በምትሰካ አዝራር በኩል ከባለቤቱ ጋር ሲከርም አነጋገሩንና ጠባዩን ይለምዳል፤ መዋሸት ግን አያውቅም። እንዲያውም ሰው ሲካካድ "መካሪው ይጠየቅ" ይባላል፤ መካሪ ከተናገረ ዳኛም ነገር አያበዛም።

"ቀዮ፣ የቁልቁለቱ መንገድ እንዴት ነው?"

ትንሽ ዘገየች። "ደህና ነው፣ ጌታዬ። ቀስ ካሉ ደህና ነው።"

"ሰሙ አይደል፣ ጋሼ?"

ጋሽ ወንድይፍራው ጎማውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ... አንተ ካልክ ምን ቸገረኝ። መኪናውስ አምሮብሃል" አሉና ከዘራቸውን አስቀድመው እንደምንም ተጣጥፈው ገቡ።

የከተማው አስፋልት ከሥሩ ስለሚሞቅ፣ መንገዱ ተራራውን እስከሚሰነጥቅበት ዋሻ ድረስ በሰላም ሄዱ። ከዋሻው ሲወጡ ሙቁ አስፋልት አለቀ፤ ጉሙና ቁልቁለቱ ጀመረ። ይበልጣል ቀስ ብሎ ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደ ሬሳ አጃቢ ነበር የሚሄደው። ሁለተኛው ኩርባ ላይ መሪውን ወደ ግራ ቢያዞረው ቀዮ ወደ ቀኝ ሄደች። ፍሬን ረገጠ፤ ያን ጊዜማ ጭራሽ በጎኗ ተንሸራተተች። ጋሽ ወንድይፍራው "ማርያም! ማርያም!" ሲሉ፣ መኪናዋ ከመንገዱ ዳር ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ ተደፍታ ቆመች። ከቦዩ ወዲያ ያለው ገደል ብቻ ነው።

"እግሬን! ኧረ እግሬን!"

የሽማግሌው እግር ከታጠፈው በር ሥር ተቀርቅሯል። ይበልጣል ሊጎትት ሞከረ፤ አጎቱ ጮኹ፤ ተወ። ኮቱን አወለቀና አለበሳቸው። ሊረዳ የሚችል ሰው ያለው ታች ደብረ ሲና ነው። ማንን ይጥራ? ሌላ ማን አለው፤ ትርሲት ጋ ደወለ። "በምን ነው የመጣችሁት?" ብላ አልጠየቀችውም። "እየመጣን ነው" ብላ ዘጋች። ብትቆጣው በተሻለው ነበር።

ንዴቱን የሚያራግፍበት ሲያጣ ወደ ዳሽቦርዱ ዞረ። "ቀዮ! ደህና ነው አላልሽኝም?"

"ብያለሁ፣ ጌታዬ።"

"ታዲያስ?"

"ደህና አልነበረም። ጎማዬ እንደማይይዝ ገና ጋራዥ ሳለን አውቄያለሁ።"

"ዋሸሽኝ? መካሪ ሆነሽ?"

"አጎትዎ አጠገብዎ ቆመው ነበር። በጥቅምት፣ ጓደኞችዎን ይዘው ሲነዱ፣ ፍጥነቱ ከችሎታዎ በላይ ነው ስልዎ እነሱ ሳቁብዎ። ማታውኑ፣ 'ሁለተኛ ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ' አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ካለ ቃሌን አለዝባለሁ። ደግሞም እርስዎን እሰማለሁ። ለአለቃዎ ያላለቀውን 'አልቋል' ይላሉ፤ ለእናትዎ ሳይመችዎ 'ተመችቶኛል' ይላሉ። ሰው ማክበር እንደዚህ መስሎኝ ነው።"

ይበልጣል ከዳሽቦርዱ ዞር አለ። ፊቱ ነደደ። ማሽን ሰደበችው እንዳይል አልሰደበችውም፤ ያስተማራትን ነው የመለሰችለት።

ጋሽ ወንድይፍራው በሕመማቸው መሐል "ተዋት እባክህ" አሉ። "እኔስ ብሆን? ሆዴ አትግባ አትግባ ሲለኝ ነበር። ዛሬ የልጁ ቀን ነው፣ መኪናውን ባጣጥልበት ቅር ይለዋል ብዬ ገባሁ። አየህ፣ እኔንም የሰበረኝ ይሉኝታ ነው።"

ሦስቱም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሦስቱም እያወቁ ተጠባብቀው፣ አንዱም አፉን ሳይከፍት ከጋራዥ ወጡ። ይበልጣል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ደጃቸውን ከፍተው ሽማግሌ የሚጠብቁት አቶ ገብረየስ፣ ሽማግሌ ሊቀበሉ ሳይሆን ሽማግሌ ሊሸከሙ መጡ። ጎረቤቶቻቸውን ይዘው፣ በሩን በብረት ፈልቅቀው፣ ጋሽ ወንድይፍራውን በቃሬዛ አወረዱ። እንዲህ ያለ አገባብ በየት አገር ታይቷል! ቆሞ "እንደምን ዋላችሁ" ሊል፣ ተመርቆና ተከብሮ ሊቀመጥ የነበረ ሽማግሌ እያቃሰተ ገባ። ቀድመው የደረሱት ሁለቱ ሽማግሌዎች ደንግጠው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከኋላ ደግሞ፣ በዚያ ቀን በዚያ ቤት መታየት የሌለበት ሰው፣ ይበልጣል፣ ጭቃ ለብሶ ተከተለ። ለእንግዳ የተነጠፈውን ምንጣፍ ላለመርገጥ ጥግ ጥጉን ሄደ፤ ቢሆንም ቆሸሸ።

የተጠራው ሐኪም የጋሽ ወንድይፍራውን እግር እያሰረ ሳለ አንዲት የመንገድ ደኅንነት ሠራተኛ መጣች። ሥራዋ ነውና ጠየቀች። "መካሪው አስጠንቅቆህ ነበር?"

"አላስጠነቀቀችኝም።"

"ስለዚህ የመሣሪያ ብልሽት ነው።"

ቤቱ በሙሉ እፎይ አለ። "አይ ልጄን! መሣሪያ አሳስቶት ነው እኮ" አሉ አንዲት ጎረቤት ከንፈራቸውን መጥጠው። የትርሲት ፊት ሲፈታ አየው። ይበልጣል ሊናገር ወደ ሠራተኛዋ ዞረ። ከሸሚዙ ኮሌታ ላይ ከተሰካችው ትንሽ አዝራር፣ መኪናዋ ብትሰበርም ያልተሰበረው የቀዮ ድምፅ ቀደመው።

"አዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እሳቸው ምንም ጥፋት የለባቸውም።"

መካሪ ጥፋቱን ካመነ ነገሩ አለቀ። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ዝም ካለ ትርሲት የእሱ ናት። ግን ቆርቆሮና ሽቦ፣ ሰው ፊት እንዳይዋረድ ብላ የእሱን ኃጢአት ስትሸከምለት መስማት፣ ከውርደቱ ሁሉ የባሰ ውርደት ሆነበት።

"አይደለም" አለ። ድምፁን ራሱም አላወቀውም። "የእኔ ጥፋት ነው። ሰው ፊት እውነቱን እንዳትነግረኝ ያልኳት እኔ ነኝ። መንገዱ እንደማያስኬድ አውቄያለሁ። ትርሲትም ነግራኛለች። መኪናዬን እንድታዩልኝ ብዬ ነው።"

ትርሲት ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። አቶ ገብረየስ ተነሥተው መጡ፤ እሱን ግን አላዩትም። ኮሌታው ላይ ወዳለችው አዝራር ጎንበስ አሉ።

"ስምሽ ማነው?"

"ቀዮ እባላለሁ።"

"አብረሽው ኖረሻል። ማታ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚናገር ታውቂያለሽ፤ እኔ ግን አላውቅም። ልጄን ልሰጠው ነው። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ይበልጣል ኮሌታውን ወደ እሳቸው ቀና አደረገላቸው። በዕድሜው ስለ ራሱ እውነቱን ለመስማት ለመጀመሪያ ጊዜ የፈለገው አሁን ነው፤ ክፉም ቢሆን ይሁን፣ ብቻ እውነት ይሁን።

ቀዮ ትንሽ ዘገየች።

"ጨዋ ሰው ናቸው፣ አቶ ገብረየስ። ልብዎ ይመን።"

አቶ ገብረየስ ቀና አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ትርሲት ከመስኮቱ ዞራ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ "እውነቷን ነው? ወይስ ሰው ስላለ ነው?" ብላ ጠየቀችው።

እውነት ብቻ እንድትናገር የተሠራችን ነገር እንደ ሰው ማስመሰልን ያስተማራት እሱ ነው። መልሱን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበትም እሱ ነበር፤ እሱም አላወቀም።