ያልተጠጣው የልደት ሾርባ

ኮሪያውያን ዘመን በሚቆጥሩበት በዳንጉን አቆጣጠር በአራት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት፣ ፈረንጆች 1960 በሚሉት ዓመት፣ የካቲት ሲያልቅ የሴኡል ኮረብቶች ገና በረዶ እንደለበሱ ነበሩ፤ በዚያ ማለዳ ወይዘሮ ኦክቡን፣ ባላቸው በጦርነቱ ሄዶ የቀረባቸው የአኩሪ አተር አይብ ሻጭ፣ አንድ ልጃቸውን ሶክጁን ቁርስ ያበሉት ነበር፤ የታላቁ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና ቀን ነውና።

ዕድል ሲጣመም ፈተናውና ልደቱ አንድ ቀን ዋሉ። በዚያ አገር በልደቱ የባሕር ቅጠል ሾርባ ያልጠጣ እንደተወለደም አይቆጠርም፤ በፈተና ቀን ግን ያው ሾርባ፣ ቅጠሉ ሙልጭልጭ ነውና፣ ተፈታኙን አዳልጦ ይጥላል ይባላል።

«እማዬ፣ ሾርባዬስ?»

«አፍህን ያዝ! ስሙንም አታንሣብኝ።»

«በየዓመቱ ስጠጣው መቼ ወደቅሁ?»

«ወዳቂው የሚለየው ዛሬ ነው። ሩዝህን ብላ!»

«እሺ፣ ነገ ትሠሪልኛለሽ?»

«ያለፈ ልደት ይከበራል እንዴ? ነውር ነው! ለከርሞ በትልቁ ድስት እሠራልሃለሁ፤ እስኪበቃህ ትጠጣለህ።»

ሶክጁ ሳቀ። እሳቸው ግን ሆዳቸው አልቻለም፤ እስከ ዩኒቨርሲቲው ተከትለውት፣ እንደ ሌሎቹ እናቶች የሚጣበቅ ጣፋጭ በብረት በሩ ላይ ለጠፉና «ልጄንም እንዲህ አጣብቅልኝ፤ አያዳልጠው» እያሉ በብርዱ ቆመው ዋሉ።

ሶክጁ ፈተናውን አለፈ! «የሶክጁ እናት፣ ከእንግዲህማ ሰላምታም ትነፍጊናለሽ!» አለቻቸው ጎረቤታቸው።

«ሾርባውን መከልከሌ ነው ያሳለፈው» እያሉ በገበያው ሁሉ ተኩራሩ።

ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ በፕሬዚዳንቱ ምርጫ መጭበርበር የተቆጣው ተማሪ ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመመ፤ ጥይትም ዘነበበት። ሶክጁ አዲሱን የተማሪ ልብስ እንደለበሰ በቃሬዛ መጣላቸው።

«ምነው ባዳለጠው!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ፤ «ምነው ያን ሾርባ አጠጥቼው ፈተናውን በወደቀልኝ!»

በሳምንቱ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ለወጣቶቹም ከዓመታት በኋላ የክብር መቃብር ተሠራላቸው፤ ታሪክ ያን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳም። የዚያን ማለዳ ቁርስ ግን የሚያስታውሱት አንዲት እናት ብቻ ነበሩ። በከርሞው ልደቱ ወይዘሮ ኦክቡን ትልቁን ድስት ተሸክመው ወደ ልጃቸው መቃብር ወጡ፤ ሾርባውን ቀድተው ከድንጋዩ ፊት አኖሩ።

«ጠጣ፣ ልጄ» አሉት፤ «ከእንግዲህ የሚያዳልጥህ የለም።»