ስልኩ ላይ ፀሐይ ነበር

«ትንሽ ወደፊት... ትንሽ... በቃ አባዬ፣ ልክ ገባ።»

እሴት ስልኩን የመኪናዋ ወለል ላይ አጋድማ የውኃ ልኩን አረፋ እያየች ነው። አረፋዋ ሁለቱ መስመሮች መሀል ገብታ ቆማለች። ይህችን አፕ የጫነችው ራሷ ናት። መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው፣ መኪናዋ ከዘመመች ሌሊቱን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት ነው የሚያድረው፤ ያልሞከረው ይስቃል፣ የቀመሰው ያውቀዋል። አባቷ መጀመሪያ «የስልክ ውኃ ልክ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» ብሎ ነበር። አሁን ወፍጮ ሲተክል ሁሉ «እስቲ ያቺን አረፋሽን አምጪልኝ» ይላታል።

ኩማ ወፍጮ ጠጋኝ ነው። ከቺሮ ተነስቶ ሂርና፣ መሰላ፣ መቻራ እያለ ወፍጮ የተሰበረበት ሁሉ ይዞራል። የአሮጌ ሚኒባሱን ወንበሮች ነቅሎ፣ ከኋላ ፍራሽ፣ ቡታጋዝና የውኃ ጀሪካን፣ ከጎን ደግሞ ጄኔሬተርና የብየዳ ማሽን አስገብቶባታል። ቤትም ሱቅም እሷው ናት። ዘንድሮ የግማሽ ዓመት ፈተና አልቆ ትምህርት ሲዘጋ፣ እሴትና የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ኤልያቄም «ካልወሰድከን» ብለው አስቸገሩት። እናታቸው ከበደች «ልጆቼን ሜዳ ላይ ልታሳድር?» ብላ አሻፈረኝ ስትል ያሳመናት የእሴት ስልክ ነው። «ካርታው ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ይሄኛው ነዳጅ የት እንዳለ ያሳያል። ይሄኛው ደግሞ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይናገራል» እያለች አንድ በአንድ አሳየቻት። ከበደች ጸለየችና ለቀቀቻቸው።

አሁን የቆሙት ከሚኤሶ ወጣ ብሎ፣ አንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ነው። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ገደል፣ መሀሉ ነጭ አሸዋ ነው። ዳር ላይ የበቀለ ትልቅ ግራር ጥላውን ጥሎበታል። በዚያ ቆላ እንዲህ ያለ ጥላ በፍለጋም አይገኝም። ኩማ ግን ሞተሩን ሳያጠፋ ቀና ብሎ የጨርጨርን ተራሮች አየ።

«ደጋው ላይ ከጣለ ይሄ አሸዋ ወንዝ ነው» አለ። «እሴት፣ የዝናቡን ነገር ሂርና ላይ አይተሽዋል አይደል?»

«አይቼዋለሁ።»

«የደጋውንም?»

«እስከ እሁድ ፀሐይ ነው፣ አባዬ።»

ኩማ ቁልፉን አዞረና ሞተሩ ጠፋ።

ዕቃውን ሲያወርድ አንድ ሽማግሌ ግመሎቻቸውን እየነዱ በወንዙ መጡ። ኦቦ ዓሊዩ ይባላሉ፤ ኩማን ከድሮ ያውቁታል። የዚያ አገር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቆሞ ወሬ ይለዋወጣል፤ ኦዱ ይሉታል። ኦዱ ደግሞ ወግ አለው፣ ተራው አይዘለልም። መጀመሪያ የሰላሙ፣ ቀጥሎ የሰዉ፣ ከዚያ የከብቱ፣ መጨረሻ ላይ የሣሩና የዝናቡ ወሬ ይነገራል። ኩማ ይህን ወግ ይወዳል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያልቅ ይሰማል። ዛሬ ግን ማዶ ያለው መንደር ወፍጮው ቆሞበት እህል ተሸክሞ የመጣ ሰው ሁሉ ይጠብቀዋል።

ሽማግሌው ከሰላሙ ጀምረው፣ የታመመውን ታመመ፣ የወለደችውን ወለደች ብለው ከብቱ ላይ ሲደርሱ ኩማ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ኦቦ ዓሊዩ፣ ሰው ይጠብቀኛል። ስመለስ ይጨርሱልኛል።»

«የዝናቡ ቀርቶ የለም ወይ?»

«የዝናቡን ልጄ በስልኳ አይታዋለች» አለ ኩማ። እንዲህ ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት። ሽማግሌው እሴትን አዩዋት፣ ፈገግ አሉና ግመሎቻቸውን ተከትለው ወደ ማዶው ሄዱ።

ኩማ የመፍቻ ሳጥኑን ትከሻው ላይ አደረገ። «ኤልያቄም ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው። ቁልፉን ለስልኩ ቻርጅ ትቼልሻለሁ። መኪናዋን ጥለሽ የትም እንዳትሄጂ፤ የምንበላበት ዕቃ በሙሉ እሷ ውስጥ ነው። እሺ ኢንታላ፣ ልጄ?»

«እሺ።»

አባቷ ማዶውን ገደል ወጥቶ ከዓይኗ ሲሰወር ወደ መኪናዋ ገባች። ዋሽታዋለች። ሂርና ላይ የዝናቡን አፕ አልከፈተችውም። ከቺሮ ከወጡ ጀምሮ ዳታ ተዘግቶ የዚያን ቀን ነበር የተለቀቀው። አባቷ ካርድ ሞልቶ «መጀመሪያ ዝናቡን፣ ከዚያ ካርታውን» ብሏት ወደ ጋራዥ ገባ። እሷ ግን ስልኩ ገና ከመከፈቱ የጓደኛዋ የሕይወት መልእክት እየተከታተለ ሲገባ ጊዜ ሁሉንም ረሳችው። ሕይወት «ቤት በመኪና! አቦ ፎቶ ላኪ እንጂ!» ብላታለች። እሴት የፍራሹን ላከች፣ የቡታጋዙን ላከች፣ ጣራ ላይ ወጥታ የተነሳችውንም ላከች። ፓኬጁ አለቀ። አባቷ ሲመለስ «ጨረስሽ?» አላት፤ «ጨረስኩ» አለችው። ደግሞስ በየካቲት ምን ዝናብ አለ?

ስልኩ አባቷ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ በሠራው መያዣ ውስጥ፣ ከመሪው አጠገብ ተሰክቷል። አፑን ከፈተችው። ቢጫ ፀሐይ ብቅ አለች። ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበበች፤ ባለፈው ሳምንት ቺሮ ሳሉ የታደሰ ነው። ኔትወርክ የለም።

ከመስታወቱ ውጭ፣ የጨርጨር ተራሮች የነበሩበት ቦታ ላይ ተራራ አልነበረም። ጥቁር ነገር ውጦታል።

እሴት ወርዳ አሸዋው ላይ ቆመች። ከራሷ በላይ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይዋም ታቃጥላለች። ንፋሱ ግን ቆሟል። ከግራሩ ላይ ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች የሉም። የእርጥብ አፈር ሽታ ከላይ በኩል መጣ፤ ይህን ሽታ ታውቀዋለች፣ ቺሮ ላይ ደስ ይላታል። እዚህ ግን አስፈራት።

ልትጮህ አሰበች፤ መንደሩ ሩቅ ነው። አባቷ «የትም እንዳትሄጂ» ብሏታል። ደግሞ ውኃው ላይመጣም ይችላል። ሳይመጣ ጥላ ብትወጣና ሌባ ብየዳውን ቢወስደው ምን ትለዋለች? «ለምን ወጣሽ?» ሲላት ያ የሂርናው ነገር ይጎተታል። ልቧ ሌላ መንገድ አሳያት፤ መኪናዋን ራሷ ካወጣቻት ማንም ምንም አያውቅም። አባቷ እኮ ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ አስነድቷታል።

መሪው ጋ ወጣችና ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ተነሳ። ማርሽ አስገብታ ነዳጅ ስትረግጥ ጎማው አሸዋውን እየቆፈረ ባለበት ተሽከረከረ። ደግማ ረገጠች። መኪናዋ ወደኋላ ቁጭ አለች። ሦስተኛ ስትረግጥ ሞተሩ ተንፈራግጦ ጠፋ። ያኔ ነው ሌላ ድምፅ የሰማችው፤ የተጫነ ከባድ መኪና ሩቅ ቁልቁለት ሲወርድ የሚያሰማውን ዓይነት። በዚያ በኩል ግን መንገድ የለም።

«እሴት» አለ ኤልያቄም ከፍራሹ ላይ ቀና ብሎ። «ምንድን ነው የሚጮኸው?»

ፊቱን ስታየው ብየዳውም ጄኔሬተሩም ውሸቷም ከጭንቅላቷ ወጡ። እስካሁን እሱን ከጀርባዋ ትታ መኪና ስታስነሳ ነበር። በራሷ ደነገጠች።

«ና እዚህ። ቶሎ!»

«ጫማዬ...»

«ተወው!»

አንጠልጥላ አወረደችው። በቅርብ ያለው ገደል አባቷ የወጣበት ሳይሆን የወዲህኛው ነው። ኤልያቄምን ከፊት አስቀድማ ከታች ገፋችው፤ አፈሩ እየተናደ ዓይኗ ውስጥ ገባ። እሾህ መዳፏን ቀደደው። ልጁ ያለቅሳል፤ እሷ «ያዝ፣ ሥሩን ያዝ፣ የኔ ጌታ፣ ጌታዬ ሆይ» ትላለች፣ ወንድሟን ይሁን እግዚአብሔርን እንደምትለምን ለራሷም አልገባት። ደረቷን ገደሉ አፍ ላይ ጣል አድርጋ እግሯን ስትሰበስብ ምድሪቱ ከሥሯ ተንቀጠቀጠች።

ውኃው ውኃ አይመስልም ነበር። ቡናማ ግድግዳ ሆኖ፣ እንጨትና ድንጋይ እየገፋ በመታጠፊያው በኩል ዞረ። ሚኒባሷን በጎኗ መታት። መኪናዋ ዘመም አለች፣ ተነሳች፣ አንዴ ዙሪያዋን ዞረች። ከኋላ በሯ ተከፍቶ ፍራሹ ብቅ ሲል ታየ። ከዚያ መታጠፊያው ጋ በጎኗ ተኛችና ውኃው ከላይዋ ሄደባት።

ኤልያቄም ማልቀሱን አቆመ። እሴት ወደ ደረቷ አስጠግታ አቀፈችው።

ከማዶ ሰው ሲሮጥ አየች። አባቷ ነው። ገደሉ አፍ ላይ ደረሰና መኪናዋ የነበረችበትን ቦታ አየ። እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። አፉ ሲከፈት ይታያታል፤ ድምፁን ግን ውኃው ዋጠው። ኮቱን አውልቆ ወረወረው። ሊገባ ነው! ልጆቹ መኪናዋ ውስጥ ያሉ መስሎታል።

«አባዬ! እዚህ ነን! አባዬ!»

አይሰማም። ሁለት የመንደሩ ሰዎችና ኦቦ ዓሊዩ ከኋላ ደርሰው ያዙት፤ ሲታገላቸው ተያይዘው ወደቁ። እሴት ኤልያቄምን ትከሻዋ ላይ ሰቅላ «እጅህን አውለብልብ! አውለብልብ!» እያለች ዘለለች። መጀመሪያ ያዩዋቸው ሽማግሌው ናቸው። በዱላቸው አመለከቱ። ኩማ ቀና አለ፣ አየ፣ ከዚያ አፈሩ ላይ ቁጭ አለ።

ውኃው እስኪጎድል ድረስ፣ አባት በዚያ ልጆች በዚህ፣ እንዲሁ ሲተያዩ ቆዩ። እሴት በዚያ ሁሉ ጊዜ ያሰበችው አንድ ነገር ነው። ስልኩ ከመኪናዋ ጋር ሄዷል። የሂርናውን ነገር የሚያውቅ ሰው በዚህ ምድር ላይ እሷ ብቻ ናት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውኃው ጉልበት ድረስ ወረደ። ኩማና ኦቦ ዓሊዩ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሻገሩ። ኩማ ሁለቱን ልጆች አንድ ላይ አቀፋቸው። እርጥብ ሸሚዙ የጭቃ ሽታ ይሸታል።

«ረቢ ይመስገን። ይቺ ልጅ ወንድ ናት» አሉ ሽማግሌው።

«ጌታ ይመስገን። እሷ ባትኖር...» አለ ኩማ። ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኦቦ ዓሊዩ። ኦዱውን ከአፍዎ ላይ ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። ልጆቼን ወንዝ ውስጥ አስተኝቼ የሄድኩት እኔ ነኝ። ለከበደች ምን ብዬ ነው የምነግራት? በምን ዓይኔ ነው የማያት?»

«ስልክም ዕቃ ነው፣ ይሳሳታል» አሉ ሽማግሌው ሊያጽናኑት።

«ስልኩን ምን አድርገው ይላሉ? አባት እኔ ነኝ እኮ። ሁለተኛ ልጅ ይዤ አልወጣም። ሁለተኛ መሪ አልይዝም።»

እሴት እጆቹን አየች። የጋለ ብረት ሲይዙ የማይሰጉት እጆች የኤልያቄምን ባዶ እግር ይዳብሳሉ። ዝም ብትል አባቷን ማንም አይወቅሰው ይሆናል፤ እሱ ግን ራሱን መውቀሱን አይተውም። እናቷ ፊት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሌሊት ሲነቃ፣ ያልሠራውን ጥፋት ይዞ ይኖራል። ውኃው ሲመጣ እንኳ እንዲህ አልፈራችም።

«ኦቦ ዓሊዩ፣ ኤልያቄምን ትንሽ ይይዙልኛል?»

ሽማግሌው ልጁን ተቀብለው በፎጣቸው ጠቀለሉት። እሴት የአባቷን እርጥብ እጅጌ ይዛ ከግራሩ ወዲያ ፈቀቅ አደረገችው። ውኃው አሁንም ስለሚጮህ ኩማ ሊሰማት ጎንበስ አለ።

«አባዬ፣ ስልኩ አልተሳሳተም» አለችው። «ሂርና ላይ ያደረግኩትን ልንገርህ።»