የኢሶዳኬ ተጋጣሚዎች

ሦስተኛው ሰው የወደቀው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነበር።

መቶ ስድሳ ኪሎ ሲወድቅ ወለሉ ራሱ ይናገራል። ጥበቃው ዘነበ ከበሩ ወንበር ተነስቶ በኮሪደሩ ሮጠ፤ በስድሳ ሰባት ዓመት ዕድሜ ያ ሩጫ ከተባለ። ኩማሂሮ የሚባለው የሱሞ ታጋይ በጀርባው ተዘርሮ ያቃስታል። አጠገቡ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ፅጌረዳ መወልወያዋን እንደያዘች ቆማለች።

«ሶሪ! አይ አም ሶሪ! ሶሪ!» ትላለች ደጋግማ።

የወደቀን ሰው በእንግሊዝኛ ማጽናናት ሲያቅተን አፋችን ላይ የምትመጣው ቃል ይቺው ናት። ፅጌረዳ ግን በዚህ አላበቃችም። የሚቀጥለው ሰው እንዳይንሸራተት ብላ ቦታውን ወዲያው በጨርቅ ጠረገችው። ጣሪያው ላይ ያለው ካሜራ ሁለቱንም ይዞ አስቀረ። ለማያውቃት ሰው፣ ጥፋቷን አምና ማስረጃውን ያጠፋች ሴት መሰለች።

ዘነበ ተንበርክኮ እጁን ከሰውየው ወገብ ሥር ሰደደ። የተቀጨ ወገብ ያውቃል። ጡንቻው ይጠጥራል፤ ገና ሲነኩት ባለቤቱ ይዘላል። ይኼኛው ለስላሳ ነበር። ኩማሂሮ የጮኸውም እጁ ካረፈበት ትንሽ ቆይቶ ነው፣ ድንገት እንዳስታወሰ ሁሉ።

 ቃሬዛው እስኪመጣ የሰውየውን ፊት ብቻ ሲያይ ቆየ።

በሳን ሆዜው አዳራሽ ዘነበን የሚያውቁት ከኦክላንድ በባቡር የሚመላለስ ዝምተኛ ጥበቃ እንደሆነ ነው። ድሮ ግን መቶ አለቃ ዘነበ ነበር፤ የወንጀል መርማሪ። አባቱ ወጌሻ ስለነበሩ እጁ ሙያውን ለምዷል። ከሥራ ሰዓት ውጪ የፖሊስ ቦክስ ቡድኑን ልጆች ያሽ ነበር። ሱሞዎቹ ረቡዕ ለአምስት ቀን ውድድር ሲገቡ፣ የቅባታቸው ሽታ ኮሪደሩን ሲሞላው፣ ያ ዘመን ተመልሶ መጣበት። የልጆቹ ሳቅ፣ የገመዱ ድምፅ፣ ጠዋት ጠዋት የሚጠጡት ሻይ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ሞኝ ሆኜ ነው እንጂ ሽታ ያስለቅሳል ወይ ብሎ በራሱ ስቆ ነበር።

ባስልኤል ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጧል። ኦክላንድ ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የአዳራሹ ኃላፊ ነው። አማርኛ አሳምሮ ይሰማል፤ አፉን ሲከፍት ግን እንግሊዝኛው ይቀድመዋል።

«ጋሽ ዘነበ፣ ስሪ ጋይስ! ሐሙስ አንዱ ባዝሩም ውስጥ ቁርጭምጭሚቱን። ዓርብ አንዱ ደረጃ ላይ ጉልበቱን። ቱዴይ ዚስ ዋን። ሁሉም ከውድድሩ ወጡ። ሁሉም ቦታ ደግሞ ሺ ክሊንስ ዜር።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ፔይን። ሁሉም ፔይን አላቸው።»

«ያበጠ ነገር አለ? የተሰበረ?»

«አይ ዶንት ቲንክ ሶ።»

«ካሜራው ሲንሸራተት ያሳያል?»

«ወድቆ ነው የሚያሳየው። ከዛ ሶሪ ስትል። ከዛ ስትጠርግ።» ባስልኤል ፊቱን በእጁ አሸ። «አይ ላይክ ኸር፣ ጋሼ። በት የአደጋውን ሪፖርት ነገ ከመጨረሻው ግጥሚያ በኋላ ለካምፓኒው ሴንድ ማድረግ አለብኝ።»

ዘነበ ከቢሮው ሲወጣ ፅጌረዳ ውጪ ትጠብቀው ነበር።

«ጋሽ ዘነበ፣ ይኼ ሪፖርት ከሄደ አበቃልኝ። ያባርሩኛል። የልጄ የኢየሩስ የቪዛ ኢንተርቪው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ነው። የእናትሽን የሥራ ደብዳቤ አምጪ ብለዋታል። ስድስት ዓመት ነው የጠበቅናት፣ ስድስት ዓመት!»

«ፅጌ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ወለሉ እርጥብ ነበር?»

«ኧረ በእመብርሃን! ገና አልደረስኩበትም። ደረቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠረግሽው?»

«ሰው ሲወድቅ ዝም ብዬ ልቁም እንዴ?»

ዘነበ አመናት። ማመን ግን ሪፖርት አያስቆምም።

ሄዶ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የግጥሚያ ዝርዝር ፊት ቆመ። መርማሪ ሳለ አንድ ልማድ ነበረው፤ የተጎዳውን ትቶ የተጠቀመውን ይፈልጋል። በዚህ ውድድር ተጋጣሚው የቀረበት ሰው ሳይታገል አሸናፊ ይባላል። ጣቱን በዝርዝሩ ላይ አስኬደ። ሐሙስ የወደቀው ሰው ሐሙስ የሚገጥመው ኢሶዳኬን ነበር። የዓርቡም ኢሶዳኬን። የዛሬውም።

ኢሶዳኬ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ የቀድሞ ታላቅ ሻምፒዮን። ረቡዕ አንድ ጊዜ ታግሎ ጠባብ ድል አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሳይነካ በአራት ድል ይመራል። ነገ አንድ ግጥሚያ ይቀረዋል።

«አገኘሁህ» አለ ዘነበ። ደሙ ሞቀ። እንዲህ ካለ ስንት ዘመኑ!

የጽዳት ነገር ልጠይቅ ብሎ መልበሻ ክፍሉን አንኳኳ። ኢሶዳኬ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከኋላው አንድ ቀጭን ሽማግሌ ቁንጮውን በዘይት ያበጥርለታል፤ የታጋዮቹ ፀጉር ሠሪ፣ ቶኮማሱ። ሁለቱም ብዙ አገር የዞሩ ናቸውና እንግሊዝኛ ይሞካክራሉ። እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ነው፤ የዘነበም ከዚያ ብዙ ስለማይሻል ጥሩ ተግባቡ።

«አራት ድል» አለ ዘነበ። «ደስ ይላል?»

የሰውየው ፊት ጠቆረ። «ለመታገል ነው የመጣሁት። የሚታገለኝ የለም። ይኼ ድል አይደለም፤ ስድብ ነው።»

ቁጣው የእውነት ነበር። ዘነበ ሺህ ውሸታም መርምሯል፤ እንዲህ የሚቆጣ ውሸታም አላጋጠመውም።

ኢሶዳኬ በቀኝ እጁ የሻይ ስኒውን አነሳ። ጣቶቹ ለቀቁት። ስኒው ግን መሬት አልደረሰም። ቶኮማሱ ማበጠሪያውን ጥሎ ከሥር ቀለበው። የሚያስገርመው ፍጥነቱ አይደለም። የሽማግሌው እጅ ስኒው ከመውደቁ በፊት እዚያ ነበረ።

የዘነበ ዓይን ግን ስኒውን በለቀቁት ጣቶች ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ እጅ አይቶ ያውቃል።

ወደ በሩ ተመልሶ ትልቁን ፖስተር አየ። ፎቶው ላይ ወጣቱ ኢሶዳኬ መድረኩን ለማጥራት የሚበተነውን ጨው በቀኝ እጁ ወደ ሰማይ ይረጫል። ረቡዕ ግን፣ ዘነበ በዓይኑ እንዳየው፣ ጨውን የበተነው በግራ እጁ ነው። ትንሽ ቆንጥሮ።

ቶኮማሱን ከአዳራሹ ጀርባ አገኘው። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ማበጠሪያዎቹን ያጸዳል።

«ኩማሂሮ ወገቡን አልተጎዳም» አለ ዘነበ፣ ሳይቀመጥ።

ቶኮማሱ ማበጠሪያውን ማጽዳቱን ቀጠለ።

«የሐሙሱም ቁርጭምጭሚት፣ የዓርቡም ጉልበት ደህና ነው። ሦስቱን ውደቁ ያላቸው ማነው?»

«እኔ አላውቅም።»

«አንገቱ ነው አይደል? የኢሶዳኬ።»

ማበጠሪያው ቆመ።

«ማን ነገረህ?»

«እጁ።»

 ሽማግሌው ቀስ እያለ ነገሩን አወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ያን ራስ አበጥሯል። ኢሶዳኬ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ እናቱ ናፍቃው ማበጠሪያው ሥር ያለቅስ ነበር። ባለፈው ክረምት ቶኮማሱ ሲያበጥር አንገቱ ላይ የማያውቀው ነገር ጣቱን ነካው። ለምኖ ሐኪም ቤት ወሰደው። አንድ ከባድ ምት፣ ከዚያ በኋላ አልጋ ነው አሏቸው። ኢሶዳኬ የሐኪሙን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ለማንም እንዳትናገር ብሎ አስማለው።

«ለምን አያቆምም?»

«ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ግጥሚያ ቀርቶ አያውቅም። አንድም! ይህ ደግሞ የመጨረሻው ውድድሩ ነው። ከምቀር ልሙት ይላል።» ቶኮማሱ ዓይኑን ጠረገ። «ረቡዕ ከመድረኩ ሲወርድ ክንዱ ተንጠልጥሎ አየሁ። ሦስቱን ልጆች ለመንኳቸው። እሱ ነው ያሳደጋቸው። ምክንያቱን እንኳ አልጠየቁኝም፤ እሺ አሉና ወደቁ።»

«እና የምትጠርገው ሴትዮ?»

«ማናት?»

የዘነበ ቁጣ ያን ጊዜ መጣ። «ማናት? ልጇን ልታመጣ ስድስት ዓመት የጠበቀች ሰው ናት። የእናንተን ውድቀት ዋጋ እሷ ናት የምትከፍለው!»

ሽማግሌው ደነገጠ። ድንጋጤውም የእውነት ነበር። ወለሉን ማን እንደሚያጸዳ አስቦት አያውቅም።

ዘነበ አጠገቡ ተቀመጠ። መናገር አልፈለገም፤ ግን ተናገረ።

«ክንፉ የሚባል ቦክሰኛ ነበረን። ሲስቅ ሰፈሩን ያስቀው ነበር። በሰባ ዘጠኝ፣ ለሻምፒዮና ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ብርጭቆ ከእጁ ወደቀ። አየሁ። አንገቱን ነካሁት፤ አወቅሁ። ቡድኑ ዋንጫውን ፈልጓል፣ እሱም ፈልጓል፣ እኔም ፈልጌያለሁ። ምንም የለህም አልኩት።» የገዛ ጣቶቹን አየ። «አሥራ አንድ ዓመት ተኝቶ ሞተ። ሄጄ ስጠይቀው እኔን ነበር የሚያጽናናው። ያን ጊዜ እንዳንተ የሚዋሽ አንድ ሰው ቢኖረው፣ ቶኮማሱ! አንድ ሰው!»

ቶኮማሱ ማበጠሪያዎቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥናቸው መለሰ።

«ነገስ?» አለ ዘነበ በመጨረሻ።

«የነገው ልጅ ሩቅ ነው፤ አያውቀንም። ሁለት መቶ ኪሎ ነው። እሱ አይወድቅልንም።»

«እንግዲያው ውሸቱ እዚህ ላይ አለቀ። እስከ ነገ ቀትር እጠብቅሃለሁ። አንተ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ። ለባስልኤልም እነግራለሁ።»

እሁድ ጠዋት ዘነበ ነገሩን ለፅጌረዳ አስረዳት። ትቆጣለች ብሎ ነበር። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ታዲያ ነገሩ ከወጣ ያን ሰውዬ እንዲታገል ያስገድዱታል?»

«ማንም አያስገድደውም። ራሱ ነው የሚገባው።»

«ይህን ያህል እብድ ነው?»

«ወንድ ነው» አላት ዘነበ። ሳይፈልጉ ሳቁ።

ከቀትር በፊት ቶኮማሱ ራሱ መጥቶ ጠራቸው። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ኢሶዳኬ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ሦስቱ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው አንገታቸውን ደፍተዋል። ቶኮማሱ ሁሉንም ነግሮታል። የሰውየው ፊት እንደተዘጋ በር ነበር።

«እገባለሁ» አለ ኢሶዳኬ። «አንገቱ የእኔ ነው።»

ሽማግሌው ፅጌረዳን ወደፊት አቀረባት። በራሱ ቋንቋ ቀስ ብሎ፣ ረጅም ነገር ነገረው። ዘነበ ቋንቋውን ባያውቅም ነገሩ የሰውየው ልብ ሲደርስ አየ። ኢሶዳኬ መጀመሪያ ሽማግሌውን፣ ከዚያ ልጆቹን፣ ከዚያ መወልወያ የያዙትን የሴትዮዋን እጆች አየ።

«ልጅ አለሽ?» አላት በእንግሊዝኛ።

«የስ። ዋን ዶተር።»

«በእኔ ምክንያት ሥራ ታጫለሽ?»

 ፅጌረዳ አላጣም እንዳትል ውሸት ነው፤ አዎ እንዳትል አንጀቷ አልቻለም። ዓይኗ ብቻ ሞላ።

 ለአንገቱ ያልተሸነፈው ሰው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ከዚያ ለቶኮማሱ አንድ ነገር ተናገረና ፀጉሩን እንዲያበጥርለት ጀርባውን ሰጠው።

«ምን አለ?» ሲል ጠየቀ ዘነበ።

ቶኮማሱ ማበጠሪያውን አነሳ። «ዛሬ አሳምረህ ሥራው አለኝ።»

አዳራሹ ሞልቷል። የመጨረሻው ግጥሚያ ሲጠራ ሁለት መቶ ኪሎው ወጣት በአንድ በኩል ወጣ። በሌላው በኩል ኢሶዳኬ የመጣው በሙሉ ልብሱ ነው፤ ጥቁር ካባ፣ ከወገቡ በታች ሰፊ ሱሪ። ሕዝቡ ግራ ተጋባ።

ከመድረኩ ጠርዝ ቆሞ ተናገረ። አስተርጓሚው ተከተለው። ሕመሙ የእኔ ነው አለ፤ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። ዛሬ ከውድድሩ ወጥቻለሁ። ልጆቹ የወደቁት ለእኔ ብለው ነው፤ ቅጣት ካለ ለእኔ ይድረሰኝ። ወለሉ ደረቅ ነበር፤ የጠረገችውንም ሴት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚያ ጎንበስ አለ፣ እስከ ታች፣ ለረጅም ጊዜ።

ቀና ሲል አንገቱ ይሁን እግሩ አልታወቀም፤ ሰውነቱ ተንገዳገደ።

«እኔን!» ስትል ፅጌረዳ ከበሩ ጮኸች።

ከወንበሮቹ መሀል ሦስት ግዙፍ ሰዎች ዘለው ተነሱ። ባለ ቁርጭምጭሚቱ ክራንቹን ጣለ። ባለ ጉልበቱ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወረደ። ወገቡ የተቀጨው ኩማሂሮ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰና ያን የሚያህል ሰው እንደ ሕፃን አቀፈው። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ የሚያየው ምን እንደሆነ ገባውና አንድ በአንድ ከመቀመጫው ተነሳ።

ባስልኤል ስልኩን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ጋሽ ዘነበ… ዘይ ካን ራን።»

«ይሮጣሉ እንጂ» አለ ዘነበ። ጉንጩ ረጥቧል፤ አልጠረገውም። «ያ ሪፖርት ይሄዳል?»

ባስልኤል ስልኩን ጥቂት ነካካ። «ዲሊት አድርጌዋለሁ።» ከዚያ ወደ ፅጌረዳ ዞረ፤ እንደ ልጅ አፍሯል። «የሥራ ሌተሩን ዛሬ እጽፋለሁ። ዘ ዶተርስ ኔም… ስሟን ስፔል ያድርጉልኝ።»

ፅጌረዳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ዘነበ ጠጋ ብሎ የኢየሩስን ስም ፊደል በፊደል አጻፈው።