በሦስት የሚካፈለው ቁጥር

«ሰባት፣ ዜሮ፣ አራት፣ አራት፣ ዘጠኝ...»

ዶክተር ሄልቪ ዓይኗን ጨፍና አሃዞቹን አንድ በአንድ ትጠራለች። ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል። ራይሊ ከላይኛው መደብ ሆና በጭልፋ ውሃ እየቀዳች የጋሉት ድንጋዮች ላይ ታፈሳለች። አውኔን ጨምሮ ሦስቱም ራቁታቸውን ናቸው። ራይሊ ድሮም ጉዳይ የምትጨርሰው ሳውና በሚባለው የእንፋሎት ቤት ውስጥ ነው፤ ራቁቱን የተቀመጠ ሰው ድምፅ መቅጃ አይደብቅማ!

አውኔ ከሄልቪ ጋር ከታችኛው መደብ ሆና ታዳምጣለች። ለራይሊ ወንበዴዎች ቅጥር የሒሳብ ሊቅ ናት። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቷ ግን በምስጢር ስሟ «ሸማኔ» የተባለች ሰላይ።

የአገሩን ሆስፒታሎች ኮምፒውተር የሚቆልፈው ስድስት መቶ አሃዝ ያለው አንድ ቁጥር ነው። ከሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት የተገኘ ነው፤ ሁለቱን ከአንድና ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የለም። አንደኛውን ያወቀ ሌላውንም ያገኛል፣ ቁልፉንም ይከፍታል። የምታውቃቸው ቁልፉን የሠራችው ሄልቪ ብቻ ናት፤ አሁን የምትጠራውም አንደኛውን ነው። ራይሊ የጠለፈቻትም ሆስፒታሎቹን ይዛ መንግሥትን ገንዘብ ለማስተፋት ነው።

የአውኔ ሥራ ሄልቪን በሕይወት ማውጣት ነው። አውኔ ወጥታ በሐይቁ በረዶ ላይ በተቆፈረው ጉድጓድ ሁለቴ ከጠለቀች፣ ምልክቱን አይቶ ከጥዶቹ ጀርባ የሚጠብቀው አለቃዋ ማርቲ ፖሊስ ያስገባል።

«...አንድ፣ ስምንት፣ ሦስት። አለቀ።»

አውኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ አሃዞቹን እየደመረች ሦስት ሦስቱን ስትጥል ነበር። የአሃዞቹ ድምር በሦስት ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል።

ቀሪው ባዶ ሆነ።

ውሸት ነው። ብቸኛ ቁጥር አይደለም።

«እህስ፣ ሊቋ?» አለች ራይሊ። «ደህና ነው? ወይስ አሮጊቷን በረዶው ሥር እንስደዳት?»

ሄልቪ እያታለለቻቸው ከሆነ፣ አውኔ እውነቱን በተናገረች ሰዓት አሮጊቷ አለቀላት። ራይሊ ራሷ ያስጠናቻት ወጥመድ ከሆነ ደግሞ ውሸቱ አውኔን ያስገድላል። የትኛው እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ የለም።

«ንጹህ ብቸኛ ቁጥር ነው» አለች።

ራይሊ በሳቅ ፈረሰች።

«በሦስት ይካፈላል እኮ፣ የኔ ቆንጆ! እኔው ነኝ ያስጠናኋት። ማርቲ ሰላይ ናት ብሎ ሲሸጥሽ አላመንኩትም ነበር። ራስሽ አረጋገጥሽልኝ። ይኸው ውጭ ከልጆቼ ጋር መኪና ውስጥ ሙዚቃ ያዳምጣል።»

ማርቲ። ስንት ዓመት አብረው የሠሩት ማርቲ! አውኔን የያዛት ፍርሃት አልነበረም፣ ንዴት ነው።

«እንግዲያው ሙቂ!»

አውኔ የውሃውን ባልዲ አንሥታ እንዳለ ድንጋዩ ላይ ቸለሰችው።

እንፋሎቱ ፈነዳ።

ሙቀቱ ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ ራይሊ ወጣ። ጮኸች። የአውኔ ቀኝ እጅም ተላጠ። ሄልቪን ጎትታ ወጣችና በሩን ከውጭ በአካፋ ደገፈችው።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አለች ሄልቪ ቦቲዋን ለማጥለቅ እየታገለች።

«ማርቲ ወደሌለበት!»

ካፖርት ደርበው፣ መኪናው ውስጥ ያሉት በሙዚቃው ሳይሰሟቸው፣ በረዶ የሆነውን ሐይቅ ተሻገሩ። ማዶ ድንኳን ተክሎ ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ የአውኔን እጅ አየ፣ ስልኩን ሰጣት፣ ምንም አልጠየቀም።

የታምፔሬ ከተማ ፖሊስ ራይሊን ሲያወጣት ቀልታ ነበር፤ ስድቧን ግን አላቆመችም። ማርቲንም እዚያው መኪና ውስጥ ያዙት። ሄልቪ ቁልፉን በሌላ ቁጥር ለወጠችው።

የአውኔ ማንነት ግን በወንበዴዎቹ ዘንድ ታውቋል። ቀኝ እጇ ከእንግዲህ እስክርቢቶ አይጨብጥም። ስሟ ተለውጦ ወደ ሰሜን የሚወስዳት ትኬት ተቆረጠላት። ሄልቪ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘቻት።

«ወጥመድ መሆኑን ጠርጥረሽ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽ?»

«ባይሆን ኖሮስ፣ ዶክተር?»

ሄልቪ የአውኔን ደህና እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ባቡሩ ሲደርስ አዲሱን ስሟን አልጠየቀቻትም፤ አውኔም ሳትነግራት ተሳፈረች።