መሬት ላይ ነው

«ወፍ መሬት ላይ ጎጆ አይሠራም!» ብለው የሳይንስ አስተማሪው ደብተሩን ዴስኩ ላይ ወረወሩት። ቀዩ ኤክስ ወረቀቱን ሊቀድ ምንም አልቀረው።

ለደብተሩ ባለቤት ልጆቹ ክብሪት የሚል ቅጽል ስም ያወጡላት በከንቱ አይደለም፤ እስከ ጆሮዋ ጋለች። «በዓይኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ ቲቸር!»

«ዶሮ አይተሽ ይሆናላ!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ዶሮ! አባቷ ዘበኛ ከሆነበት ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ፣ ፀሐይ በማይገባው እርጥብ ጫካ ውስጥ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሆዷ እየተኛች ነው ያየቻት። ጀርባዋ የበሰበሰ ቅጠል፣ ሆዷ ፍም የመሰለ፣ ጅራተ ቁራጭ፣ እግረ ረጅም ወፍ። ቅጠል እየገለበጠች ትል ትለቅማለች፤ ስትደነግጥም ከመብረር መሮጥ ይቀናታል። ጎጆዋ በሁለት የዛፍ ሥሮች መካከል የተከመረ ደረቅ ቅጠል ነው፤ በጎኑ ያለችውን ቀዳዳ ልብ ያላለ ሰው ረግጦት ያልፋል። ውስጡ ሁለት እንቁላል አለ።

«ሚጢም አይታለች! ይጠይቋት!»

ሚጢ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። ጫካ መሄዷን እናቷ ከሰማች ግን ቆዳዋን ነው የምትገፋት። አንገቷን ደፋች። «እኔ... ምንም አላየሁም።»

ክብሪት በዓይኗ ተሳደበች።

«በቃ፣ ነገ ሁላችንንም ወስደሽ ታሳዪናለሽ» አሉ አስተማሪው። «ካልሆነ ዜሮ ነው።»

«እንቁላሉ የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ አንድ ልጅ።

«እኔ ወንጭፌን ይዤ እመጣለሁ!»

በእረፍት ሰዓት ሚጢ ተከትላ ደረሰችባት። «በናትሽ አትቆጪኝ። አሳዪያቸውና ይመኑሽ፤ ምን ይጎድልብሻል?»

«ስልሳ ልጅ ይዤ ልግባ? ከዚያ በኋላ ምን የሚተርፍ ይመስልሻል? አንቺ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ኖሮ ማንም አሳዪን አይልም ነበር! ዞር በይልኝ!»

በማግስቱ የክፍሉ ሰልፍ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። አስተማሪው ኮፍያቸውን አድርገዋል። «እሺ፣ በየት በኩል ነው?»

እግሯ ሊመራቸው ዳዳው። «ይኸውላችሁ!» ብላቸው፣ ያ ቀልደኛ ሁላ አፉ ሲዘጋ ብታይ! ወዲያው ግን ወንጭፉና ሁለቱ እንቁላሎች ትዝ አሏት።

«አላሳይም፣ ቲቸር።»

«እንግዲያው የለም ማለት ነው።»

«አለ። ግን አላሳይም። ዜሮውን ይጻፉት።»

ሰልፉ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ሳቀባት። ሚጢ እጇን ልትይዛት ስትል ክብሪት እጆቿን ኪሷ ከታ አለፈቻት። ክፍል ገብታ መጨረሻው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀመጠች፤ ውጭ ሰልፉ ሲበተን እየሰማች፣ ጥርሷን እንደነከሰች።