እሳት ያላየች ጥብጣብ

«ቀለበቱ ጠበበኝ» አለች ኢንጂነር ምብራት፣ የታጠፈ ወረቀት ባንኮኒው ላይ እያኖረች።

«እናሰፋልዎታለን።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ተስፋሁን በጓዳ በኩል አስገባት። የደኅንነት ሰው ነው፤ የምስጢር ስሙ «ሞረድ»። ፒያሳ ላይ ወርቅ ሠሪ መስሎ ሁለት ዓመት ተቀምጧል።

ወረቀቱ ውስጥ ጣት የማታክል ጥብጣብ አለች። ምብራት ከሴራሚክ ጨርቅና ከፕላቲኒየም ክር የሠራቻት ናት፤ ዛሬ ተስፋሁን ለጥበቃ ሊረከባት ነው። የጋለ ቱቦ ላይ ስትለጠፍ እንደ ጨርቅ እየታጠፈች ብረቱ ምን ያህል እንደተለጠጠ ትናገራለች፤ በሺህ ዲግሪ ሙቀት ውስጥ እንኳ። የውጭ ገዢዎች አሰፍስፈውላታል። ከውስጥ የሚሸጥላቸው ሰው አለ።

ተስፋሁን ዛሬ ጠዋት ሰውየውን ለአለቃው ጠቁሟል። ክፍሎም፤ የምስጢር ስሙ «ወንፊት»፣ የምብራት ሾፌርና ጠባቂ፣ የክፍሉ አንደኛ ሰላይ። ተስፋሁን ሁለተኛው ነው።

ማስረጃው? ክፍሎም ሲያወራ ምብራት ትስቃለች። ተስፋሁን ሲያወራ ሰዓቷን ታያለች። ኬክ ቤት አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ሲሳሳቁ አይቶ «አጠራጣሪ ግንኙነት» ብሎ ጻፈ። ቅናት ማስረጃ አይለምንም፤ ራሱ ይሠራል፣ ያውም አሳምሮ።

ስልኩ ነዘረ። «ወንፊት ተይዟል። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ፣ በካቴና።»

ደስ አለው። አፈረ፤ ግን ደስ አለው።

«ወዳጅሽ ታሰረ» አላት።

«ክፍሎም? እንግዲህ ሰው አይታመንም።»

አልደነገጠችም። ጥብጣቧን ከመለኪያው ጋር አገናኝታ አጠፈቻት፤ ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ።

«ይኸው፣ ትሠራለች። ልሂድ።»

እጁ የጋዙን እሳት ለኮሰ። ማንም አላዘዘውም። የፒያሳ ወርቅ ሠሪ እሳት ሳያሳይ አይረከብም፤ ከእናቱም ቢሆን።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልማዴ ነው።»

«አንተ እኮ የምርህን ወርቅ ሠሪ አይደለህም።»

የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው።

ጥብጣቧን ነበልባሉ ላይ ያዛት። ክሩ ቀላ፣ ቀለጠ፣ እንደ እንባ ተንከባለለ።

ብር ነው።

ፕላቲኒየም በዚህ እሳት አያለቅስም። ምብራት ወደ በሩ ዞረች፤ ቀደማት።

«እውነተኛዋን።»

የቦርሳዋን ገበር ቀድዳ አወጣቻት። «እኔ ስሠራ አለቆቼ ተሸለሙ። አንተ ይህን አታውቀውም?»

ያውቀዋል።

«ክፍሎምስ?»

«ክፍሎም ምን ያውቃል? ልጁ እንዴት መዳህ እንደጀመረ ነበር ሲያስቀኝ የከረመው።»

እኩለ ቀን ላይ፣ ምብራት ከተያዘች በኋላ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ በቆመች መኪና ውስጥ፣ አለቃው ጥብጣቧን ተቀበሉት።

«ክፍሎም ንጹሕ ነው። ግን አራዳ በሙሉ በካቴና አይቶታል፤ ከእንግዲህ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በምን ማስረጃ ነበር የጠቆምከው?»

ተስፋሁን ጣቱ ላይ የቀረውን ጥላሸት ጠረገ።

«ለማንኛውም የእሱ ቦታ ያንተ ነው። አንደኛው አንተ ነህ።»

ሁለት ዓመት የተመኘው ቃል ነው።

አዲስ መታወቂያ ሰጡት። የማያውቀውን አዲስ ስሙን አንዴ አነበበ፤ ኪሱ ከተተ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ማንም ዞር ብሎ አላየውም።