በገመድ የታነቀው የገመድ አልባ ገምጋሚ

ይህ ታሪክ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ኪቦርዴን ቁልፍ በቁልፍ ያስበላኝ።

ገምጋሚው ዕድሜውን ለገመድ አልባ ኔትወርክ ሰጥቶ በኔትወርክ ገመድ ታንቆ ሞተ። መርማሪዋ የቢሮውን በር ስትከፍት አፍንጫዋን ያዘች። ሻጋታ ያበቀሉ ብርጭቆዎች፣ ወንበር ሥር የከረመ ካልሲ፣ ኪቦርዱ ላይ ፍርፋሪና የጥፍር ቁራጭ።

«ሬሳው ይሻላል» አለች።

ሟች ኮምፒውተርን ከገመድ አልባ ካርድ ጋር የሚያግባባውን ድራይቨር፣ ማንም ሊያሻሽለው የሚችለውን ነፃ ፕሮግራም፣ ይጠብቅ ነበር። እሱ «ፈትሼዋለሁ» ካላለ አንዲት የኮድ መስመር አትገባበትም። ሐኪሙ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ሞቷል አለ፤ ከኮምፒውተሩ ግን በዘጠኝ ሰዓት መልእክት ወጥቷል፦ «ሰባተኛውን ማሻሻያ በአሮጌው ካርድ ፈትሼዋለሁ። ግሩም ነው፤ ይግባ።»

የማሻሻያው ጸሐፊ፣ ችኩሉ የሚሉት ወጣት፣ ሥራው ስድስት ጊዜ ውድቅ ሆኖ ተመልሶበታል። ፖሊሶቹ ካቴና አጥልቀውለት ኮሪደር ላይ አቁመውታል።

«እትዬ፣ እናቴ ትሙት አልገደልኩትም!»

«ሰባተኛው ላይ ምን ቀየርክ?»

«አሮጌውን ካርድ አወጣሁት። ከእንግዲህ ድራይቨሩ ጭራሽ አያውቀውም።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገመላት።

ፎቅ ላይ የምትኖረው የሟች ታላቅ እህት ዓይኗ አብጧል። «እኔ ኮምፒውተር ማጥፋት እንኳ አላውቅም። ጠዋት ‹ዛሬ ስሙን ከዝርዝሩ እሰርዘዋለሁ› እያለ ሲንጨረጨር ነበር። የማንን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ሽቶ የነከረው ምክትል ገምጋሚ በተተኮሰ መሐረብ ዓይኑን አበሰ። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ሃያ ሰው ይመስክር።» ሰዓቱን ማንም አልጠየቀውም።

መርማሪዋ ሦስቱንም ሰበሰበች፤ መስኮቱን ከፈተች።

«መልእክቱን የጻፈው ገዳዩ ነው። ሟች እስከ ዘጠኝ የኖረ እንዲመስልና ጥርጣሬው በዚህ ልጅ ላይ እንዲወድቅ። ግን በአሮጌው ካርድ ፈተሽኩ አለ፤ ሰባተኛው ደግሞ አሮጌውን ካርድ አያስነሳም። ልጁ በገዛ እጁ ያወጣውን ይረሳል? እህትየው ካርድ ሲባል የሰርግ ይመስላታል። የቀረው ሳያነብ ‹ይግባ› የሚል ሰው ነው። ጌታው፣ ሰባተኛውን አንብበውታል?»

ምክትሉ መሐረቡን ጨበጠ። «አራት ሺህ መስመር! ማን ያነበዋል? ከእሱ በቀር ማንም አያነብም! አሥር ዓመት ሳላነብ የፈረምኩትን አንድ በአንድ ቆፍሮ በዓለም ፊት ስሜን ከገምጋሚዎች ዝርዝር ሊሰርዝ...»

«ስለዚህ አነቁት።»

«ለምኜው ነበር» አለ፣ እንደ ተበደለ ሰው።

መርማሪዋን ከሻጋታው ይልቅ ሽቶው አቅለሸለሻት። «ካቴናውን ከልጁ ፍቱና ለእኚህ አጥልቁላቸው» ብላ ምራቋን እንትፍ አለች።

እውነቱን ልናገር፣ ምራቁን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፣ መስኮቱን ዘግታ ወጣች። ይህን ስጽፍ የተፋሁት እኔ ነኝ።